በቃለ ጉባኤው ገጽ አሥራ አራት ስለገባሁት ቃል

ለተከበሩ የወረዳችን የሕዝብ ተወካይ፣
የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አባል፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ በፊት ለራስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ጉሮሮዎን ብርድ እንዳያገኘው አደራ እላለሁ፤ ካለፈው ወር ወዲህ እኔም የምናገረው በእርስዎ ጉሮሮ ስለሆነ፣ ድምፅዎ የተዘጋ ቀን ሁለታችንም ዲዳ መሆናችን ነው።

በአካል ተገናኝተን ስለማናውቅ ራሴን ላስተዋውቅ። በኮሚቴው ፊት «እንደ ልጄ የማያት» ያሏት የከብት ሐኪም እኔ ነኝ። ከወረዳው ከተማ በእግር አራት ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ፣ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ፣ ለብቻዬ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። በአንደኛው ክፍል መድኃኒት ይቀመጣል፤ በሌላኛው እኔ እቀመጣለሁ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሁለቱም ክፍል የእኔ ይሆናል፤ በዚህ በኩል ካየነው ከዓመት ዓመት ቤቴ እየሰፋ ነው። ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ አራተኛውን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ወር ኮሚቴው የኦዲተሮችን ሪፖርት ሲመረምር፣ የእኛ ክሊኒክ ለአሥራ አራት ወራት ክትባት እንዳልነበረው፣ ማቀዝቀዣውም እንደተበላሸ የሚገልጽ አንቀጽ ላይ ደረሰ። ሰብሳቢዋ ጉዳዩን የሚያውቅ አባል ካለ እንዲያስረዳ ጠየቁ። እርስዎም ተነሡ። ቃልዎ በቃለ ጉባኤው ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦ «ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ ሪፖርት ቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ ነው። እኔ እቦታው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም አለች፣ እንደ ልጄ የማያት። ምን ጎደለሽ አልኳት። አባቴ፣ ምንም አልጎደለኝም፤ ከዚህ ሕዝብ ተለይቼ የትም አልሄድም አለችኝ።» ከዚያ በቅንፍ «ጭብጨባ» ይላል። ሰብሳቢዋ አመሰገኑ፤ አንቀጹም ተዘጋ።

ይህ ንግግር ላስገኘልኝ ጥቅም ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ዕለቱን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ዝናብ ነበር። እኔ ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት ላም እያዋለድኩ ነበር፤ ጥጃው በጎን ስለመጣ እጄ እስከ ትከሻዬ ገብቷል። መኪናዎ መንገዱ ዳር ቆሞ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። የላሚቱ ባለቤት አንገታቸውን አውጥተው አዩና «ዶክተርዬ፣ ትልቅ ሰው የመጣ መሰለኝ» አሉኝ። «ትልቁ ይቆይ፤ መጀመሪያ ትንሹ ይውጣ» አልኳቸው። ትንሹ ወጥቶ፣ እጄን ታጥቤ ስደርስ መኪናው እየዞረ ነበር። መስታወቱ ተዘግቷል፤ ከውስጥ አንድ እጅ ተወዛወዘ። ያን ሁሉ ጭቃ ተሻግሮ፣ በተዘጋ መስታወት ውስጥ አልፎ፣ ያልተናገርኩትን ከነአክብሮት መጠሪያው አጥርቶ የሰማ ጆሮ ለሕዝብ ተወካይ የተገባ ጆሮ ነው። ጥጃው ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣውን «እየሠራ ነው» ማለትዎ ፍጹም ሐሰት እንዳልሆነ ለመመስከር እወዳለሁ። ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ መዝገቦቻችንን እናስቀምጥበታለን። በሩ ስለሚገጥም አይጥ አይገባበትም። በወረዳው ውስጥ እንደ እርሱ ያለ የመዝገብ ቤት የለም።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ ክትባት ከመጠየቅ ድካም ስለገላገሉኝ። ከንግግርዎ በኋላ አባ ሰንጋ በሁለት መንደሮች ገብቶ ሠላሳ አንድ ከብት ሲገድል፣ የክትባትና የማቀዝቀዣ ጥያቄ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ላክሁ። መልሱ በስድስት ቀን ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። «ጉዳዩ በቋሚ ኮሚቴው ታይቶ የተዘጋ በመሆኑ ጥያቄውን ማስተናገድ አንችልም» ይላል። ከሥሩ ገጽ አሥራ አራት ተያይዟል።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ትንሽ ትዕግሥት እለምናለሁ። ንግግርዎን ከማድረግዎ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ በከብት በሽታዎች የላቦራቶሪ ምርመራ ለሁለት ዓመት እንድሠለጥን ፈተና አልፌ ቦታ አግኝቼ ነበር። ያለ መሥሪያ ቤቴ የመልቀቂያ ወረቀት አይቀበሉኝም፤ ቦታው የሚጠበቅልኝም እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው። ገጽ አሥራ አራትን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ልጄ፣ አንቺ የትም አልሄድም ብለሽ ለምክር ቤት ቃል ገብተሻል። እኔ አሁን ብለቅሽ ምክር ቤቱን ያስዋሸሁት እኔ ልሆን ነው» አሉኝ። አልገባሁም ብዬ ማልኩ። «የተጻፈው ግን ገብታለች ይላል» አሉ፤ በእውነትም አዝነውልኝ ነበር። ጥያቄዬ ውድቅ የሆነበትን ደብዳቤም እያዘኑ ፈረሙልኝ።

ስለዚህ ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ ወደ ምክር ቤቱ የቃለ ጉባኤ ክፍል ሄድኩ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት በመስኮት አነጋገረችኝ። «እህቴ፣ ቃሉ የማን ነው?» አለችኝ። የእኔ ነው ተብሏል አልኳት። «ተናግረሽዋል?» አልተናገርኩም። «እንግዲያው ያንቺ አይደለማ። ያላልሽውን እንዴት ታርሚያለሽ? የሚያርመው የተናገረው አባል ብቻ ነው።» ብዬው ቢሆንስ ኖሮ? ብላት፣ «ብለሽው ከሆነማ ምኑ ይታረማል?» አለችና ማኅተሟን መምታት ቀጠለች። ምስክር ሆኜ ኮሚቴው ፊት እንድቀርብ ማመልከቻ ጻፍኩ። ከአንድ ወረዳ ምስክር የሚጠራው በወረዳው ተወካይ ጠያቂነት ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። በየበሩ እንኳኳሁ፤ በሁሉም በር ላይ ግን ቁልፉን ይዘው የቆሙት እርስዎ ነዎት።

የመመለሻው አውቶቡስ እስኪነሣ የምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ያደረጓቸውን ንግግሮች በሙሉ አነበብኩ። ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ሃያ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። አሥራ ስድስቱ «የቀደሙት ተናጋሪ ያሉትን እደግፋለሁ» የሚሉ ናቸው። ሦስቱ ማይክሮፎኑ እንደማይሠራ ያመለከቱባቸው፣ ሁለቱ የአዳራሹን ቅዝቃዜ ያማረሩባቸው ናቸው፤ ያን ቅዝቃዜ ለክትባታችን ቢልኩልን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሃያ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ረጅሙም፣ የተጨበጨበለትም እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ንግግር ማንሣት ለምን እንደሚከብድዎ ይገባኛል፤ እኔን ካነሡ ከአራት ዓመቱ የሚተርፈው ማይክሮፎኑ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ አባቴ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ንግግርዎን በሬዲዮ የሰማው ሱሪ እያሳጠረ ሳለ ነው። ደንበኞቹ ተነሥተው ጨበጡት፤ በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ቆርጦ ከስፌት መኪናው በላይ ለጠፈው። ደውዬ አንዲቱንም ቃል እንዳልተናገርኩ ነገርኩት። የስፌት መኪናውን ሲያቆም ሰማሁ። ከዚያ «ታዲያ ልጄ፣ ብትዪውስ ምን ነበረበት?» አለኝ። ከሰው እኩል ያስተማረኝ፣ ለእኔ ደብተር ሲል ዓይኑን በክር ያደከመ አባቴ እንዲህ አለኝ። ቁራጩን እስካሁን አላነሣውም።

በመንደሩም እንዲሁ ነው። ጥገቷ የሞተችባት አንዲት እናት እጄን በሁለት እጇ ይዛ «አንቺ እንኳ አትሄጂብንም፤ በሬዲዮ ምለሻል» አለችኝ። እንዲህ ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? ሐሰት ነው ብላት የምታለቅሰው እርሷ ናት። ዝም አልኩ፤ ዝም በማለቴም ቃልዎን አጸደቅኩልዎ።

አሁን አንድ የማያውቁትን ነገር ልንገርዎ። ለሥልጠናው በሞላሁት ቅጽ ላይ «ሲጨርሱ የት ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ ነበር። የዚህን ወረዳ ስም ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላጨበጨበም። በሽታውን ከደሙ ለይቼ ማወቅ ተምሬ ልመለስ፣ ከሞተው ከብት ራስ ሥር ቆሜ መገመቴ እንዲያበቃ ፈልጌ ነበር። ያ የራሴ ቃል ነበር። እርስዎ ወሰዱትና የራስዎን ሰጡኝ። እንግዲህ ከቀረሁ ያስቀረኝ የእርስዎ ውሸት ነው፤ ከሄድኩ ሕዝቤን የከዳሁ ነኝ፤ ሄጄ ከተመለስኩ ደግሞ ትንቢትዎ ደረሰ። የሰው ቃል ሲወሰድበት የሚመለስበት መንገድም አብሮ እንደሚወሰድ ያወቅሁት ከእርስዎ ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ከወሩ መጨረሻ በፊት ኮሚቴው የሚሰበሰበው አንድ ቀን ብቻ፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ስብሰባው ሲጀመር «በቃለ ጉባኤው ላይ እርማት ያለው?» ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ ይነሡ። እንዳይቸገሩ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼልዎታለሁ፦ «ሐኪሟ አለችኝ ያልኩትን አላለችኝም፤ አላነጋገርኳትም፤ ክሊኒኩ ክትባትም ማቀዝቀዣም የለውም።» በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ መሃል ላይ ቢያስልዎት እንኳ አሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። የቀደመ ተናጋሪ ስለማይኖር የሚደግፉት ሰው አያገኙም፤ ይህን አንድ ጊዜ ግን ለብቻዎ መናገር ይኖርብዎታል።

ዕድሜና ጤና፣ የማይቋረጥ ማይክሮፎን፣ የሞቀ አዳራሽ እየተመኘሁ፣ ለታላቅነትዎ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ምንም ያልጎደላት፣ የትም የማትሄደው፣
እንደ ልጅዎ የሚያዩዋት፣ አንድም ቀን ያላዩዋት፣
የወረዳዎ የከብት ሐኪም

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳሽግ ታላቅ ወንድምዎ ክሊኒኩ ድረስ መጡ። ሁለት በሬ በአንድ ሌሊት ሞቶባቸዋል፤ ለቀሩት ዘጠኝ ከብቶች ክትባት ፈልገው ነው። ትኩሳት የጀመራቸውን ሦስቱን በቀረችኝ መድኃኒት ወጋሁ፤ የሞቱትን ቆዳቸውን ሳይገፉ በጥልቅ እንዲቀብሩ ነገርኳቸው። ክትባቱን ሲጠይቁኝ የለም አልኩ። እንዴት አይኖርም ብለው ሲቆጡ ገጽ አሥራ አራትን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡና «ማነው ይሄ? በሬ አይቶ ያውቃል?» አሉኝ። ገጹን ገልብጬ የተናጋሪውን ስም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው የአውቶቡሱን ሰዓት ጠየቁኝ። ሐሙስ ይደርሳሉ፤ እስከ ማክሰኞ እርስዎ ቤት ያርፋሉ፤ ማክሰኞ ደግሞ ከታዳሚዎች ወንበር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አንድ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው፣ እርማቱን ሲያነቡ እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉላቸው።