ከቆምሽበት

ውድ እማዬ፣

አባዬ ደህና ነው። መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ። ይበላል፣ ይተኛል፣ የጫማውን ክር ራሱ ያስራል። የሠራሁለትን ሳጥን ግን ለረጅም ጊዜ አኩርፎት ነበር፤ የምጽፍልሽም ስለዚያ ነው።

ታመሽ ሳለሽ በስልክሽ የቀዳሽለትን የልብ ወለድ ንባብ "እኔ ሳልኖር ስጪው" ብለሽኝ ነበር። ዓይኑ ስለማያይ ስልክ መነካካት አይሆንለትም ብዬ አንድ ማይክሮኮንትሮለር የሚሉት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ስፒከርና ትልቅ ቁልፍ ያለው ሳጥን ሠራሁለት። ድምፅሽን ለመስማት አቅም ስላልነበረኝ ሳላዳምጥ ነው የገለበጥኩት። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በየክሊኒኩ ተራ የሚጠሩትን ማሽኖች ስገጣጥም ነው የምውለው። እዚያ ድምፁ "ቁጥር አሥራ ሁለት" ይልና ያልቃል፤ ከመሃል ልስማ የሚል ሰው የለም። ያንቺንም ንባብ ሳላስበው እንደዚያው አደረግሁት። ቁልፉን ሲጫን ታነቢያለሽ፣ ሲደግም ትቆሚያለሽ፣ እንደገና ሲጫን ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምሪያለሽ።

ይህ ለሌላ ሰው ችግር ላይሆን ይችላል። እናንተ ግን ዕድሜያችሁን ሙሉ በማተሚያ ቤት እርማት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ሰዎች ናችሁ። አንቺ ረቂቁን ከነአራት ነጥቡና ከነነጠላ ሰረዙ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ እሱ የታተመውን በጣቱ እየተከተለ ስህተት ሲያገኝ "ቁሚ" ይልሻል። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ቤት ውስጥ ልብ ወለድ እንደዚያው ስታነቢለት ሆን ብለሽ ትሳሳቺ ነበር፤ ሥራ እንዳይፈታ። ለካ ስትቀጂለትም አልተውሽም። ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በታሪኩ የሞተውን አጎት ገበያ ላክሽው። አባዬ "ቁሚ" አለና ቁልፉን ተጫነ። መልሶ ሲጫን ከመጀመሪያው መስመር ጀመርሽ።

በነጋታውም አጎትየው ገበያ ሄደ፣ አባዬም አስቆመሽ። "ተው አባዬ፣ ዝም ብለህ አዳምጣት፣ ያልፋል" ስለው እሺ ይለኛል፤ ስህተቷ ላይ ስትደርስ ግን ጣቱ አይታዘዘውም። መጀመሪያ ሰሞን "ይቺ ሴትዮ መንገድ ጠፋት እንዴ?" እያለ ይቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱም ቀረ። አንድ ቀን ሳጥኑን ወደኔ ገፋ አድርጎ "የመጨረሻ ንባቧን ሳልሰማው ልቀር ነው" አለኝ።

ያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ ሳጥኑ ላይ እደፋለሁ። ድምፅሽ ካርዱ ላይ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ሁለት ሁለቱ ተጣምረው አንዲት ቅንጣት ድምፅ ይሆናሉ። ከተፈለገው ቦታ ለመጀመር እስከዚያ ያለውን ቆጥሮ መዝለል ብቻ ነው። እኔ በአንድ ቁጥር ተሳስቼ ጥንዱ መሃል አረፍኩ፤ የአንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ተዳበለ። ከስፒከሩ የወጣው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ የመሰለ ጩኸት ነበር። አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ምን አደረግሻት?" አለኝ።

ምንም እንዳልሆንሽ፣ ካርዱ ላይ አንድም ቃል ሳይጎድል እንዳለሽ ምዬ ተገዝቼ ነገርኩት። አላመነኝም። ምሳውን ሳይነካ ግድግዳውን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዝላዩ ሁልጊዜ የጥንድ መጀመሪያ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁት። የቆምሽበትንም ቦታ ሳጥኑ መብራት ቢጠፋ እንኳ እንዳይረሳው አደረግሁ። አባዬን ስንት ለምኜ ነው ሳጥኑ አጠገብ ያስቀመጥኩት። አጎትየው ገበያ ሄደ፤ "ቁሚ" አለ፣ ተጫነ፣ ቆምሽ። ፊቱ ጥቁር አለ። "አሁን ተጫነው" አልኩት።

ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ፣ "ልክ ነህ" አልሽው፤ "አጎትየው ሞቷል። አርሜያለሁ።"

ለካ ከየስህተቱ በኋላ ጠብቀሽው መልስ ትሰጪው ነበር። እሱ ግን እዚያው ላይ ስለሚያስቆምሽ አንዱንም ሰምቶት አያውቅም። እጁን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ "ድሮም እኮ ስህተቷን ታምናለች" አለ፤ ሰው መጥቶ እየተከራከረው ይመስል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አብራችሁ ትሠራላችሁ። ያስቆምሻል፣ ትመልሺለታለሽ። አንዴ "ይሄ እንኳ ያመልጥሃል ብዬ ነበር" ስትዪው ከት ብሎ ሳቀ። ከሄድሽ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ድምፅሽ ሰልሏል። አንድ መስመር ዘለልሽ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበብሽው፤ አራት ነጥቡንም ረሳሽው። ከእነዚህኞቹ በኋላ መልስ የለም። የአባዬ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልተጫነም።

"አባዬ፣ ተሳሳተች እኮ" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ አታስቆማትም?"

"ደክሟታል" አለኝ። "ተያት፣ ታንብብ።"

እማዬ፣ ሁለታችንም ሳናርምሽ እስከ መጨረሻው ሰማንሽ።

ልጅሽ