ቀዩን መደበቅ ላስተማሩኝ ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ የቆዳ ሶፋ፣ ከወንበርዎ ጀርባ በመስታወት ሳጥን የተደረደሩት ዋንጫዎችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ «በክህሎት ማነስ» ያሰናበቱኝ የቀድሞ ሰልጣኝዎ፣ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። አክስቴም በአንድ ዓይኗ ደህና ናት።

እርስዎ ብዙ ሥራ ያለብዎ ሰው ስለሆኑ ባያስታውሱኝ አልቀየምም። በመስኮቱ በኩል፣ ሰሌዳው ከማይታይበት ጥግ የምቀመጠው ጎልማሳ ሴት ነኝ። ሰልጣኞቹ «ኦፕሬተሯ» ይሉኛል፤ «ኢንጂነር» እየተባሉ የሚጠሩት አሰልጣኝዎ ደግሞ «ማዘር» ነበር የሚሉኝ። ወጣትነቴን የጨረስሁት በአንድ ፋብሪካ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ «እባክዎ አንድ ጊዜ፣ አገናኝዎታለሁ» በማለት ነው። አንድ ቀን «ለሽያጭ ክፍል አንድን ይጫኑ» የሚል ማሽን መጣና ወንበሬን ወረሰኝ። ወላጆቼ ካለፉ ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ያፈናቀለሽን ነገር ተማሪው፤ የማታውቂውን ባላንጣ በምን ትችይዋለሽ?» አለችኝ። ተቋምዎ ደጃፍ ላይ ያደረሰኝ ይኸው ምክሯ ነው። ምክሯን ስትሰጠኝ ሁለቱም ዓይኖቿ ያዩ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ከልብ አመሰግናለሁ። ድረ ገጽ መሥራት ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚያንገላታ ለማያውቁት አንባቢዎች በሁለት ቃል ልንገር፤ የተጻፈው ትእዛዝ ኮድ ይባላል፣ በኮዱ ውስጥ አንዲት ቅንፍ ሳትዘጋ ከቀረች ገጹ በሙሉ ይጠፋና በምትኩ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። እኔ ዘንድ ቀይ ያልመጣበት ቀን አልነበረም። ኢንጂነር ይህንን ሲያዩ ጠጋ ብለው የጎደለውን ከማሳየት ይልቅ፣ የኔን ስክሪን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አንጥፈው «እስቲ የዛሬውን ቀልድ እንይ» ይሉ ነበር። ልጆቼ የሚሆኑ ሰልጣኞች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ፣ እኔ ፊቴ የግድግዳው ጽሑፍ መስሎ እቀመጣለሁ። በኮሪደሩ ላይ አግኝቼዎ ስነግርዎ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ «ሳቅ እኮ ለጤና ጥሩ ነው» አሉኝ። የተቋምዎ የጤና እውቀት እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ያን ቀን መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርሁም።

ሁለተኛ፣ ስለዚያ ስለ ልምምዱ። ኢንጂነር አንድ ጠዋት ለየሰዉ ሥራ ሲያድሉ ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ነበር። ታካሚው ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚመጣበትን ቀንና ሕመሙን ይሞላል፤ «ላክ» ሲል ክሊኒኩ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ሥራው ስለተሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሕመም በሚጻፍበት ሳጥን ላይ «ሕመምዎን በአጭሩ ይግለጹ፤ አይፍሩ» ብዬ ጨመርሁበት። «አይፍሩ» ማንም ያዘዘኝ ቃል አይደለም፤ በስልክ ስንት የተጨነቀ ሰው አነጋግሬ የለ፣ ከልማድ የመጣ ነው።

ገጹ አማረ። «ላክ» የሚለውን ስጫነው ግን ቀይ መጣ። ስሙም ስልኩም መዝገቡ ውስጥ አልገባም። ብፈልግ፣ ባገላብጥ፣ ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልሁ ባነብ ስህተቱን አጣሁት። ኢንጂነር መጡና ማውሱን ከእጄ ወሰዱት፤ ጥቂት መስመሮች ጻፉ። እንደገና ሲጫኑት ቀዩ የለም፤ «ቀጠሮዎ ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።» የሚል ለምለም አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ መዝገቡን ከፍቼ አየሁት፤ ባዶ ነው።

«ይቅርታ ኢንጂነር፣ ተመዝግቧል ይላል እንጂ አልተመዘገበም» አልሁ።

«ስህተት ቢፈጠር ዝም በል፣ ያም ሆነ ይህ አረንጓዴውን አሳይ ብዬው ነው። ቀዩን ማየት ያስጠላሽ አንቺው አይደለሽ?»

«ታዲያ ሰውየው ቀጠሮ እንደሌለው በምን ያውቃል?»

«ማዘር፣ ልምምድ እኮ ነው! ማን ሊታከምበት ነው?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እኔም ልምምድ መሆኑን አምኜ ዝም አልሁ። ክሊኒኩ እውነተኛ ክሊኒክ መሆኑን፣ ገጹን እንዲሠራለት ከተቋምዎ ጋር መዋዋሉን፣ እርስዎም «ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች» ብለው ያቀረቡት እኔን መሆኑን ማንም አልነገረኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ከፍ ያለ ማዕረግ የሰጠኝ ሰው የለምና፣ በሌለሁበት ስለሾሙኝ እጅ እነሣለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አክስቴ።

አክስቴ የዓይን ግፊት አለባት። ይህ ሕመም አያምም፣ አያስለቅስም፤ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ብርሃኑን ከዳር ከዳር እየሰበሰበ ይሄዳል፣ የወሰደውንም አይመልስም። ሐኪሟ «ጠብታው አልያዘውም፤ ቀዶ ጥገና ሳይዘገይ ያስፈልጋል» አሏት። ያንን የሚሠሩት ስፔሻሊስት ደግሞ ወደዚያ ክሊኒክ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጡ ናቸው፤ ቀጠሮም በገጹ ብቻ ነው ተባለች። እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ! አልጠየቀችኝም። «ልጄ የምትማረውን እኔም በጣቴ ልሞክረውና ላስደንቃት» ብላ፣ መነጽሯን በመነጽር ላይ ደርባ፣ ፊደል በፊደል ሞላችው። አረንጓዴው መጣላት። በማግስቱ ዲፕሎማ እንዳገኘ ሰው ስትነግረኝ አቅፌ ሳምኋት፤ ገጹን ግን አላሳየችኝም፣ እኔም አሳዪኝ አላልሁም።

በቀጠሮዋ ቀን አብረን ሄድን። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ትሑት ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሯን ደጋግማ አየችና «እማማ፣ ስምዎ የለም» አለቻት።

«እንዴት ይጠፋል? እናመሰግናለን ብሎኛል እኮ! ያልተቀበለ ሰው ያመሰግናል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ደግሞም ዶክተሩ ሄደዋል። የተመዘገበ ታካሚ ስላጡ ትናንት ቀደም ብለው ነው የተመለሱት። እኛም ገርሞናል፤ ሁልጊዜ መተላለፊያው ይሞላ ነበር። እስቲ ለሚቀጥለው ጊዜ እንደገና በገጹ ይመዝገቡ።»

የተከበሩ ዳይሬክተር፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥንና ስልኩን ከአክስቴ ተቀብዬ ልሞላላት ገጹን ከፈትሁት። ስሙን ሞላሁ፤ ስልኩን ሞላሁ። ወደ ሕመሙ ሳጥን ስደርስ «አይፍሩ» የሚለውን አነበብሁ።

ቃሉ የእኔ ነው፤ ገጹም እኔ የሠራሁት ልምምድ ነው። ስልኩን ለአክስቴ መለስሁላት። ተነሥቼ ለእንግዳ ተቀባይዋ «ይህ ገጽ ምንም አይመዘግብም፤ ሁሉንም ያመሰግናል፣ ማንንም አይቀበልም» አልኋት። ወዲያው ወደ ተቋምዎ ደወለች። ስልኩን ያነሡት ኢንጂነር ናቸው፤ ድምፃቸው ለእኔም ይሰማ ነበር። «የኔትወርክ ችግር ነው፤ ታካሚዎቹ ደጋግመው ይሞክሩ በሏቸው» አሉ።

ስፔሻሊስቱ እስኪመለሱ በየሆስፒታሉ በር ለመንሁ፤ ወረፋው ሁሉ ከእኛ በፊት በመጡ ሰዎች ተይዟል። አንድ ከሰዓት አክስቴ አንዱን እጅጌ በተገላቢጦሽ ሰፍታ ስታገኘው፣ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አንዱን ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፣ ሌላውን ሸፈነች፣ ከዚያም መቀሷን አስቀመጠች። ሐኪሟ «የግራው አበቃ፤ አሁን የቀኙን እናድን» አሏት። የቀኙን በቀዶ ጥገና አድነውላታል። ከእርሷ ሌላ ስንት ሰው በአረንጓዴው ተመስግኖ ቤቱ ተቀምጦ እንደቀረ አይታወቅም፤ ስማቸው የትም አልተቀመጠማ። እንዲህ ያለው ጥፋት ለሠሪው ይመቸዋል፣ የሚቆጠር ነገር አይተውም።

አራተኛ፣ በቢሮዎ ስላደረጉልኝ አቀባበል። ሶፋዎ ላይ አስቀመጡኝ፣ ውሃም አስመጡልኝ። ሲጀምሩ «እርስዎ» ነበርሁ። «እመቤት፣ ኮዱን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ይኸው ስምዎ ከላይ አለ» ብለው ላፕቶፕዎን አዞሩልኝ። እውነት ነው፣ ስሜ አለ። ቀዩን የሚደብቁት መስመሮች የማን እንደሆኑ ስጠይቅ ግን «አንቺ» ሆንሁ። «አንቺ ስህተት ባትሠሪ ኖሮ እሱ ምን ይደብቅ ነበር?» አሉኝ። ኢንጂነርም በሩ አጠገብ ቆመው «እኔ እንዲህ ያለ ኮድ አይቼም አላውቅም» ብለው መሰከሩ። የአገራችን ሰው «ዓይን ያወጣ ውሸት» ሲል ለማጋነን ይመስለኝ ነበር፤ በተቋምዎ ግን ቃል በቃል እንደሚሠራበት አየሁ። በማግስቱ ስሜ ከነፎቶግራፌ «በክህሎት ማነስና የተቋሙን ስም በማጉደፍ» ተብሎ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ዳውላው እኔ ነኝ፤ አህያውን ግን አሁንም ደመወዝ እየከፈሉ ያስተምሩበታል።

አቤቱታዬን መጀመሪያ በሥነ ሥርዓቱ መሠረት በተቋምዎ ድረ ገጽ፣ «አስተያየትዎን ይስጡን» በሚለው ቦታ ጽፌ ነበር። «መልእክትዎ ደርሶናል። እናመሰግናለን።» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣልኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

ከተባረርሁ በኋላ ትምህርቴን አላቋረጥሁም። አክስቴ ፋሻው ገና ሳይፈታላት አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካስቀረሁት የኮዱ ቅጂ ላይ ኢንጂነር የጨመሯቸውን መስመሮች ሰርዤ «ላክ» አልሁት። ቀዩ ተመልሶ መጣ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«የላክሽልኝን ስም አላውቀውም ይላል።»

«ታዲያ በምን ስም ላክሽለት?»

ፈለግሁ። ገጹ ላይ ስልክ የሚገባበትን ሳጥን የሰየምሁት በእንግሊዝኛው ትንሽ ፊደል ነው፤ መዝገቡ የሚጠብቀው በትልቅ ፊደል። «አንዲት ፊደል ናት» አልኋት። ለወጥኋት፤ የአክስቴ ስም መዝገቡ ውስጥ ገባ። ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ከዚያ አክስቴ «ይሄ ቀይ የምትፈሪው ነገር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እውነቱን የነገረሽ እሱ ብቻ ነው» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ዓይኗ የጠፋ ቀን አላለቀሰችም ነበር። በአንዲት ፊደል መሆኑን ስታውቅ ነው።

የታረመውን ገጽ ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ አዳመጡኝ፣ አዘኑ፣ ቢሮ በር ድረስ ሸኙኝና «ውላችን ከተቋሙ ጋር ነው፤ ከግለሰብ መቀበል አንችልም» አሉኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ግን፣ እድሜዋን ያርዝመውና፣ ታካሚዎችን «ገጹን አትመኑ» እያለች በገዛ ስልኳ ቀጠሮ መያዝ ጀምራለች። ስለዚህ ድፍረቷ ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባትም ሰምቻለሁ።

ከእርስዎ ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠብቅም፣ ተቋምዎ የማያስተምረውን ትምህርት ከየት ያመጡታል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ገጹ ይህን በምጽፍበት ሰዓትም ክፍት ሆኖ ሰው እያመሰገነ ነውና፣ እባክዎ ያውርዱት። ማውረዱ ክህሎት የሚጠይቅ ከሆነ መጥቼ ላሳይዎ ፈቃደኛ ነኝ።

ዋንጫዎችዎ እንዲበዙ፣ ሶፋዎ እንዲለሰልስ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ እርስዎ ባሠሩት ገጽ እንዲገለገል ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ ሰልጣኝዎ፣ ከዚያ በፊት የስልክ ኦፕሬተር፣ ዛሬ ለአክስቷ መርፌ ክር የምታስገባ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቀድሞ የክፍል ጓደኞቼ አንዱ እንዳጫወተኝ፣ አዲሶቹ ሰልጣኞች በዚህ ሳምንት የተሰጣቸው ልምምድ የከተማውን አምቡላንስ የሚጠራ ገጽ ነው። የሚያስተምሯቸው ኢንጂነር ናቸው። ለልብዎ መድኃኒት እንደሚወስዱ ከጸሐፊዎ ስለሰማሁ፣ ደረጃ ሲወጡ ቀስ ይበሉ።