ያልተመለሰው የእናታችን ቁልፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለፓንዴሊስ፣
አቴንስ

ወንድም ዓለሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ካሊዮፒ ዛሬም ጨው ትከለክልሃለች ወይስ እጅ ሰጠችልህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ብርድ ሊገባ ሲል ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ጊዜ ጨዋ ነው። የግቢያችን በለስ ዘንድሮ ከመጠን በላይ አፍርታ ከሰፈር ወፍ ጋር ተጣልቼ ከረምኩ። ከላይ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ ነባሃት ሰላም በዪልኝ ብላለች፤ በአካል አታውቅህም፣ በሐሜት ግን አብጠርጥራ ታውቅሃለች።

ይህን የምጽፍልህ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። የልጅ ልጅህ ዳናይ ጓዳ ውስጥ ሻንጣዋን እያሰረች ነው፤ ደብዳቤውን በእጇ ትሰጥሃለች። ራስህ አንብበው። ዓይኔ ነው ምናምን ብለህ ለሌላ ሰው አታስነብብ። ስለ ዓይንህ ኋላ እመጣበታለሁ፣ ተዘጋጅ።

ልጅቷ ለሦስት ቀን ስትመጣ አንድ ረጅም ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ፍርስራሹ፣ ሁሉም በተርታ ተጽፏል። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናትና አይፈረድባትም። እኔ ምግብ እየሠራሁ ልጠብቅሽ ብላት አክስቴ አንቺ ካላሳየሽኝ ማን ያሳየኛል አለች። እኔ የማውቀው የዓሣ ገበያውን፣ ሆስፒታሉንና መካነ መቃብሩን ነው አልኳት። አያ ሶፍያ ስንት ጊዜ ገብተሻል ብላ ጠየቀችኝ፤ አንድም ጊዜ ስላት የቀለድኩ መሰላት።

አባባን ታስታውሰዋለህ። ያ የጥንት ቤተ ክርስቲያናችን መስጊድነቱ ቀርቶ ሙዚየም ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ "ለገዛ እናት ቤት ቲኬት አይቆረጥም" ብሎ፣ በዚያ ባለፈ ቁጥር መንገድ ተሻግሮ ነበር የሚሄደው። እኛም ተከትለነው ተሻገርን። አንተ ከሄድክ በኋላም እኔ ብቻዬን ስሻገር ኖርኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው። ይህን ሁሉ ለዳናይ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ፦ "አክስቴ፣ ለእናቱ ቤት ቲኬት አልቆርጥም ያለ ሰው እናቱን ሳያያት ይሞታል።" ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ካፖርቴን ለበስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጀርመኖችና ከጃፓኖች መሀል ተሰልፌ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ አያለሁ። አባባ ከመቃብሩ ተነስቶ ጆሮዬን የሚቆነጥጠኝ መሰለኝ። የመግቢያው ደፍ ድንጋይ ነው፤ መሀሉ በሰው እግር ተበልቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል። ስንት ሺህ አሮጊት ረግጦታል ብዬ አሰብኩና እኔም ረገጥኩት። ከዚያ ቀና አልኩ።

ፓንዴሊስ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ጉልላቱን ምንም ነገር የያዘው አይመስልም። ከግርጌው ዙሪያውን መስኮት ነው፣ በመስኮቶቹ ሁሉ ብርሃን ይገባል፤ ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው ብርሃኑ ነው ትላለህ። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። በልጅነቴ ከባሕሩ ላይ፣ በትልቅነቴ ከአውቶቡስ መስኮት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባውን አየው ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ይህን መያዙን ማንም አልነገረኝም። ከፊት ለፊት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ የነቢያቸው ስምና የአላህ ስም የተጻፈባቸው ቤት የሚያካክሉ ክብ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። እኔና ነባሃት በአንድ ጣራ ሥር እንደምንኖረው ዝም ብለው አብረው ይኖራሉ።

ዓምድ ተደግፌ አለቀስኩ። አንድ ዘበኛ መጣና "እማማ፣ አመመዎት?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ ከዚሁ ከኢስታንቡል፣ ከሳማትያ አልኩት። ሳማትያ ግማሽ ሰዓት አይሞላም እኮ፣ እስከ ዛሬ ምን ይዞዎት ነው አለኝ። አባቴ አልኩት። ሳቀና የራሱን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። እወቀው ብዬ ነው ወንድሜ፤ እንግዳ ነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ነባሃት የእናንተን አይታችሁ የእኛን ልትተዉ ነው ብላ ሱሌማኒዬ መስጊድ ደጅ ጠበቀችን። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ። ውስጡ ሰፊ ነው፣ ጸጥታው የሚዳሰስ ይመስላል። የድሮዎቹ የመብራቶቹን ጥቀርሻ በአየር እየሳቡ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበስቡና የመጽሐፍ ቀለም ይሠሩበት ነበር አለችን ዳናይ። ጭስ እንኳ አይጣልም ነበር ማለት ነው። ከመብራቶቹ መሀል የሰጎን እንቁላል ተንጠልጥሏል፤ ነባሃት ሸረሪት እንዳይመጣ ነው አለች፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ ለአንቺ ጓዳ ሁለት ያስፈልግሻል አለችኝ። መስጊድ ውስጥ ባንሆን ኖሮ መልሷን ታገኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሩቅ አልሄድንም። ከቤታችን ጀርባ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ፍርስራሽ ነው፤ አጥሩን ስትዘል ሱሪህን ቀደህ እማማ በጫማ የገረፈችህ። ኳሳችን ትገባበት የነበረው ያ ጣራ የሌለው ግድግዳ ከአያ ሶፍያም በፊት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከከተማይቱም የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው አለችኝ ዳናይ። ዘበኛውን ነባሃት ስለምታውቀው በሩን ገርበብ አድርጎ አስገባን። ልጅቷ ተንበርክካ ሣሩን በእጇ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ቀይና አረንጓዴ እብነ በረድ እንደ ስፌት ተገጣጥሞ ወጣ። ይህን ነበር ወንድሜ ኳስ ስንፈልግ የምንረጋግጠው።

ከዚያ በታክሲ ግድግዳው በሥዕል ወደተሞላው የጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ኮራ ሄድን። ስለ ኮራ ብዙ አልጽፍም፣ አልችልምም። አንዱን ብቻ ልንገርህ። በጎን ባለው ክፍል መጨረሻ፣ ከመሠዊያው በላይ፣ ጌታችን ሲኦልን ሰብሮ አዳምንና ሔዋንን ሲያወጣ ተሥሏል። ነጭ ለብሷል። የሲኦል መዝጊያ ከእግሩ ሥር ወድቋል፣ ቁልፉ፣ መቀርቀሪያው፣ ሚስማሩ ተበታትኗል። ሁለቱን ሽማግሌዎች ከመቃብራቸው መንጭቆ እያወጣቸው ነው፤ የአዳም ልብስ ሲውለበለብ ታየዋለህ። እጃቸውን እንዴት እንደያዘ ተመልከቺ አለችኝ ዳናይ። ብመለከት መዳፋቸውን አልያዘም፣ የእጃቸውን አንጓ ነው። መዳፉን የያዙት ሰው ሊለቅ ይችላል፤ አንጓውን የተያዘ ግን ልሂድ አልሂድ የሚልበት የለውም። አንገቴ እስኪደርቅ ድረስ ቀና ብዬ ቆምኩ። ሠላሳ ጊዜ ፋሲካ ያከበርኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ዞር ስል ዳናይ እያለቀሰች ነው። ምነው ብላት፣ "አያቴ ይህን ማየት ነበረበት። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ የሰው ፊት መለየት ያቆማል ብሎታል። ለአክስትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል" አለችኝ። ልጅቷን አትቆጣት። መሐላውን ያፈረሰችው እሷ አይደለችም፣ ሥዕሉ ነው። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን መሸሸግህ አይደለም፤ የበለሷንና የበራችንን ፎቶ አንሺልኝ ብለህ መላክህ ነው። ዓይንህ ሊመሽበት ሲል የምታየው ፎቶ ነው እንዴ?

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ዛሬ ወሩ የገባበት ቀን ነው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ቬፋ ያለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚደረግ አትረሳውም። አሁንም እንደዚያው ነው፣ ሰልፉ መንገድ ሞልቷል፣ ከእኛ ሻሽ ያሰሩት የነባሃት ወገኖች ይበዛሉ። ሰዉ ከደጁ ትንሽ ቁልፍ ይወስዳል፣ በየሥዕሉ መስተዋት ላይ እያዞረ ልመናውን ይነግራታል፣ ጸበሉን ይጠጣል። የተሳለው ሲደርስለት ቁልፉን ይዞ ይመጣና ይመልሳል። ሳይመልስ የቀረ ወዮለት።

አንተ በዚያ የግሪክ ዜጎችን ባስወጡበት በ1964 አንድ ሻንጣ ይዘህ ከሲርኬጂ ጣቢያ በባቡር የወጣህ ጊዜ እማማ አንዲት ቁልፍ ወስዳ ነበር። አልነገርንህም። የእኔ ባል የዜግነት ወረቀቱ የዚህ አገር ስለነበር እኔ ቀረሁ፣ የእማማም እንደዚያው፤ አንተ ግን የአባባ የግሪክ ወረቀት ወራሽ ነበርክና አስወጡህ። እማማ ሥዕሏ ላይ ቁልፉን አዙራ ልጄ ተመልሶ ይህን በር በእጁ ይክፈት አለች። አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀች። ልትሞት ስትል መርፌ ማስቀመጫዋን ሰጠችኝ፣ ቁልፉ ውስጡ ነበር። ከተሳለች ይኸው አርባ ስምንት ዓመት ሆነ። እኔ ልጅ የለኝ፣ ለማን ላወርሰው ነው? ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉልበቴ ብቻ እንዳይመስልህ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ አንድ ተንኮል አሰብኩ። ዳናይ ሥጋህ ናት፣ መጥታለች፣ የቤቱንም በር በእጇ ከፍታለች፤ ስለቱ ደርሷል ብዬ ቁልፉን በመሀረብ ቋጥሬ ይዤ ሄድኩ። ነባሃትም የራሷን ቁልፍ ልትመልስ መጥታ ነበር፤ ልጇ ከስንት ዓመት በኋላ ወልዳለች። እሷ ቁልፏን ሥዕሏ ፊት ካለው ሳህን ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ዳበሰች። ቀጥዬ እኔ እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ኤፍታሊያ፣ እናትሽ የተሳለችው ልጄ ይመለስልኝ ብላ ነው። የልጅ ልጁ ለሦስት ቀን ሽርሽር መጣች ብለሽ ማርያምን ልታታልዪ ነው?" አለችኝ።

እስላሟ ለክርስቲያኗ! ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ልክ ናት ደግሞ። ቁልፉን መልሼ ቋጠርኩና ጸበሉ ጋ ወርጄ ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን የሚታጠቡ ሰዎች ነበሩ። ልጅቷ በጠርሙስ እንቅዳለት አለችኝ። እንቢ አልኳት። ጸበል የሚፈልግ ሰው ወደ ጸበሉ ይመጣል እንጂ ጸበል በሻንጣ አይሄድለትም።

ወንድም ዓለሜ፣ በወጣሁበት በር ማኅተም አስመትቼ እንደ እንግዳ አልገባም ብለህ እንደማልክ አውቃለሁ። የአባባ ልጅ ነህ፣ እኔም ነኝ። እወደዋለሁ፣ አጥንቱን ይማረው፤ ግን አባባ ተሳስቶ ነበር። ቲኬቱን ቆርጦ ቢገባ ኖሮ ያንን ብርሃን አይቶ ይሞት ነበር። ማንን ጎዳሁ ብሎ ነው የቀረው? ያስወጡህ ሰዎች እንኳ ሞተው አልቀዋል። አንተ እስከ ዛሬ የምትቀጣው እኔን ነው፤ ይህን በደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፣ ዛሬ ጻፍኩት።

ስለዚህ ቁልፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። የእማማ ስለት ከዛሬ ጀምሮ በአንተ እጅ ነው። በፖስታ ልመልስ ብትል ነባሃት አትቀበልህም፣ እመቤታችንም አትቀበልህም። የፈለግከውን ወር ምረጥ፤ በመጀመሪያው ቀን ቬፋ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ኮራ እወስድሃለሁ፣ አንጓህን ይዤ። አፈር ስሆን ና።

ካሊዮፒን ሳምልኝ፤ በጨው ያስቀመጥኩትን የፓላሙት ዓሣ ለዳናይ ሰጥቻታለሁ፣ ካሊዮፒ ሳታይ እንዳትበላ። የእናታችንን ስም የያዘችው ልጅህ ስማሮ እንዴት ናት? ያሳደገቻትን ልጅ አይቼ ኮራሁ በላት። ባሏን፣ ትንሹንም ልጇን ያኒስን ሰላም በልልኝ፤ ለእሱ አንድ ሣጥን ለስላሳ ከረሜላ ልኬያለሁ። ከታች ያለው ጎረቤታችሁ የሳማትያው ልጅ በሕይወት ካለ እሱንም ሰላም በልልኝ፣ የሰፈሩ ዓሣ ገበያ ሰላም ይልሃል በለው።

ቁልፏ ትንሽ ናት፣ ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ክፈት። ብትወድቅብህ ፈልገህ የምታገኝበት ዓይን ገና አለህ፤ እሱ እያለ ና።

እህትህ ኤፍታሊያ

ሳማትያ፣ ኢስታንቡል
ኦክቶበር 1 ቀን 2012