የአባባ ጠጠር

ሰኞ
አስም አይደለም አለኝ የደሴ ፒያሳው ሐኪም። ስንት ዓመት ስስበው የኖርኩት መድኃኒት እንግዲህ ለምንም አልነበረም። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ መልሶ አዳመጠ። ረቡዕ ኢኮ ተነሺ ተባልኩ፤ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው። ባለቤቴ ሰይድ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ስለ ጎማ መወደድ ሲያወራ መጣ። ሲፈራ እንዲህ ነው።

ረቡዕ
ደሴ። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ የቀቡኝ ቅባት ቀዝቃዛ። ሐኪሟ ወጣት ናት። መሣሪያውን ጎድኔ ላይ እየተጫነች፣ "በልጅነትዎ ዳገት ሲወጡ ይደክምዎት ነበር?" አለችኝ።

የሚያርፈውስ አባቴ ነበር አልኳት። ከአባባ ጋር ኩታበር ገበያ ስንሄድ ዳገቱ መሃል ላይ ኮንጎ ጫማው ጠጠር ይገባበታል። ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ያራግፋል። ማዶ ያሉትን ቤቶች እየጠቆመ የማን የማን እንደሆኑ ይነግረኛል። ከገበያው ይልቅ የምወደው ያንን ነበር።

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። በላይኞቹ ሁለት የልቤ ክፍሎች መካከል ቀይ ቀለም ይሾልካል። ቀዳዳ። አብሮኝ የተወለደ። የቀኙ ጎን ደም ሲበዛበት ኖሮ ሰፍቷል። የቀዳዳው ጠርዝ በቂ ከሆነ በደም ሥር በሚገባ መክደኛ ይዘጋል፤ ካልሆነ ደረቴ ይከፈታል። ይህን ለመለየት አዲስ አበባ ሄጄ፣ በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ መታየት አለብኝ። ፈራሁ።

ሐሙስ
እማዬ ከኩታበር ደወለች። የቀዳዳውን ነገርኳት፤ የአባባን ጠጠርም እየሳቅኩ አነሳሁላት።

"አባትሽ ብቻውን ሲሄድ ጠጠር ገብቶበት አያውቅም ልጄ፤ ወላሂ። 'ልጅቷን ትንፋሽ ያጥራታል፤ አርፊ ካልኳት ታፍራለች' ይለኝ ነበር።"

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባባ ከሞተ ጀምሮ እንደዛሬ ናፍቆኝ አያውቅም። ማታ የአባባን ጠጠር ለሰይድ ነገርኩት።

ቅዳሜ
ነገ ወደ አዲስ አበባ። ልብስ ሸክፌያለሁ፣ መስገጃዬንም። ጠዋት ሐኪሟ የጻፈችልኝን የሪፈር ደብዳቤ ልንወስድ ደሴ ወጣን። ዳገቱ መሃል ላይ ሰይድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው?"

"ጠጠር ገባብኝ።"

ያደረገው ነጠላ ጫማ ነው፤ ጠጠር እንኳ አይቆምበትም። ልስቅ ፈለግኩ፣ ትንፋሹ ግን አልነበረኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የልቤ ቀዳዳ ጠርዝ ይብቃ አይብቃ አላህ ያውቃል። ማዶ የሚታዩትን ቤቶች ሳይ ቆየሁ፤ የማን እንደሆኑ አላውቅም። ሰይድ ጫማውን አጥልቆ ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

ሌላኛውንም አራግፈው አልኩት።