በቀይ ቀለም ስለተጻፈችው የስናይፐር ደብተር

ቀን፦ ኅዳር ፳፫

ለክቡር አቶ መንግሥቴ አንለይ
የመገንጠያ ሠፈር ጸጥታና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወረታ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በኮሚቴው ጥላ ሥር ያላችሁ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። የእኔን ደህንነት የሚጠይቅ ቢኖር፣ ሐሙሲት ከእህቴ ቤት አሥራ አንድ ቀን ተሸሽጌ ያለ ሥራ ስበላ ስለከረምሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወፍሬአለሁ። ለእርስዎ ግን አብልጬ የምመኘው የጆሮ ጤና ነው፤ ከአስፋልት ላይ ሆኖ በግድግዳ ውስጥ የሚባለውን ሰምቶ፣ ትርጉሙን ማንንም ሳይጠይቅ የሚረዳ ጆሮ በወረታ ሁለተኛ ስለማይገኝ፣ ክፉ አይንካብን።

ይህን ደብዳቤ እርስዎ ባሸጉት በሬ ላይ ስለምለጥፈው፣ ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ ደስታው እባላለሁ፤ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ ነኝ፤ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያይበት፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት አምስት ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት ነበረኝ። እዚያ ወጣቶች አምስት አምስት ሆነው የሚጋጠሙበት የተኩስ ጨዋታ አለ። በጨዋታው ውስጥ ጀማሪን የሚያስለቅሰው ስናይፐር የሚሉት ባለ መነጽር ጠመንጃ ነው፤ ካገኘ አይምርም፣ ከሳተ ግን ሌላ ጥይት እስኪጎርስ ድረስ ባለቤቱን ያስበላል። ለዚህ ብዬ ለጀማሪ የሚሆን ምክር በአንዲት ደብተር ጻፍሁ። መብራት በሄደ ቁጥርም በጠፋ ስክሪን ላይ ከማፍጠጥ ይሻላል በማለት፣ አባቴ ዜማ እንዳስጠኑኝ አድርጌ አስጠናቸው ጀመር፤ እኔ እላለሁ፣ እነሱ እየተቀበሉ ይደግማሉ፣ በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ። ስለዚህም «የኔታ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ማጭዱ ሁሉ ተሰቅሎ፣ ሩዝ ሲያጭድ የሰነበተው ጎረምሳ ከተማ በገባበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። እኔም ልጆቹን ጥናት አስጀምሬ፣ የጠፋው የእኛ ብቻ መሆኑን ልጠይቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተሻገርሁ። እርስዎ ከነኮሚቴዎ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። አምስት ጎረምሳ በአንድ ድምፅ «ትንፋሽህን ሰብስብ፣ ተኩስ፣ ቦታህን ቀይር» ሲል ሰሙ፤ የጦር ሥልጠና ነው አሉ፤ ቤቱን አሸጉ፤ ደብተሯንና ባየህ የተባለውን ወጣት ይዘው ሄዱ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ በደብተሯ የመጀመሪያው ምክር «ማን እንደሆነ ሳትለይ አትተኩስ፤ በመነጽርህ ውስጥ የገባው የራስህ ወገን ሊሆን ይችላል» የሚል ነው። ጀማሪ ሁሉ ይህን ይስታል፤ ጥላ ሲያይ እጁ ይቀድመዋል። ይህ የጀማሪ ልጆች ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበርና፣ በዕድሜም በሥልጣንም የበሰለ ሰው ላይም ሊታይ እንደሚችል ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይሉ የነበሩት አባቶች የእርስዎን ኮሚቴ ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝናል።

፪ኛ/ ሁለተኛው ምክር «መነጽሩን ዐይንህ ላይ ለጥፈህ አትዋል፤ ሩቁን አጉልቶ ያሳይሃል፣ አጠገብህ ያለውን ግን ይጋርድብሃል» ይላል። እርስዎ በደብተሯ ላይ ተለጥፈው ሳለ በክንድዎ ርቀት አምስት ስክሪን፣ አምስት ኪቦርድ፣ በግድግዳውም ላይ «ጨዋታ በተራ ነው፤ መገፋፋት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ነበረ። ልጆቹም ጌም ነው፣ መብራት ይምጣና እናሳይዎ ብለው ለምነዋል። እርስዎ ግን ኮሚቴ መብራት አይጠብቅም ብለው መለሱ። መብራቱ የመጣው እናንተ በሩን አሽጋችሁ ከሄዳችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የታሸገ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ማንም ሳይነካቸው ሲበሩ ባጃጅ ነጂዎቹ በመስኮት አይተዋል፤ ምስክር ካስፈለገ እነሱ አሉ።

የኮሚቴው አባል አቶ በላቸው ያደረጉትንም ሳላመሰግን አላልፍም። ልጆቹ መሣሪያችሁ የት አለ ተብለው ሲጠየቁ ወደ ማውሶቹ ቢያሳዩ፣ አቶ በላቸው አምስቱንም ነቅለው በከረጢት ከተቱ፤ በቃለ ጉባኤውም «ባለ ገመድ መሣሪያ ብዛት ፭» ተብሎ ሰፈረ። ኧረ ተመስገን! ያለ ጉዳት ማርካችኋቸዋል።

፫ኛ/ በደብተሯ ውስጥ በቀይ ቀለም የተጻፈው ቃል ደም ማለት እንደሆነ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወስኗል አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በቀይ የጻፍሁት «ትንፋሽ» የሚለውን ቃል ነው። አባቴ ዳዊት ሲጽፉ የቅዱሳኑን ስም ያቀልሙ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጀማሪ ከሁሉ የሚረሳው መተንፈስን ስለሆነ እሱን አቀለምሁ። ሌላውን የኮሚቴ አባል ቀይ ቀለም ቢያስደነግጠው አልፈርድበትም። እርስዎ ግን ከአባቴ ቤት ደበሎ ለብሰው ሦስት ክረምት ተምረዋል፤ ተማሪ በአንድ ድምፅ ሲያጠና ምን እንደሚመስል፣ ቀይ ቀለምም ምን እንደሆነ ለእርስዎ ልነግር አልችልም። ትምህርቱን እንደዚህ አጥርተው መርሳትዎ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው።

፬ኛ/ አሁን ወደ ባየህ እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ ምስጋና እያጠረኝ ነው። በቆርቆሮ አዳራሻችሁ አሥራ አንድ ቀን ያስቀመጣችሁት፣ «የስናይፐር ቡድን መሪ» ብላችሁም ለበላይ የጻፋችሁበት ይህ ሰው፣ በቤቴ ከነበሩት ሁሉ የመጨረሻው ደካማ ተኳሽ ነው። ከአሥር ጥይት ዘጠኙን ግድግዳ ያበላል፤ አሥረኛውን ጓደኛው ላይ ያሳርፋል። እየሮጠ ሲተኩስ ይስታል፣ ቆመህ ተኩስ ሲሉት ደግሞ ቆሞ መተኮሱን ይረሳል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የፎገራን ሩዝ ሲያጭድ ግን አንድ ዘለላ አይስትም። እናቱ እትዬ ደብሬ ዘንድሮ ያለ እሱ ብቻቸውን እያጨዱ ነው። ወገባቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። እህሉ ደርሶ እየረገፈ ነው፤ ወፉም ከብቱም እየገባበት ነው። እርስዎ በዚያ ማሳ ዳር ወደ ይፋግ ገበያ ሲያልፉ እንደሚያዩዋቸው፣ ሰላምታም እንደሚሰጧቸው ባጃጅ ነጂዎቹ ነግረውኛል። ሰላምታዎን ስላላቋረጡባቸው እግዜር ይስጥልን።

ባየህ የተያዘበትን ምክንያት ሁሉም ያውቀዋል። «የኔታ የምትሉት መሪያችሁ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሌሎቹ ሲያቀረቅሩ እሱ ተነሥቶ «እኔ ነኝ» አለ። ለምን እንዳለ አላውቅም፤ እንዳልጠይቀው በእናንተ እጅ ነው።

፭ኛ/ የመጨረሻው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ያን ሰዓት እኔ የት ነበርሁ? ከወፍጮ ቤቱ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ከቆመ ኢሱዙ ጀርባ ነበርሁ። ባየህን ክንዱን ይዛችሁ ስታወጡት አየሁ። እሱም አየኝ፤ ወዲያው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፣ እናንተ የሚያይበትን ተከትላችሁ እንዳታዩኝ። ሁለት እርምጃ ወጥቼ «የኔታ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። በደብተሬ «ትንፋሽህን ሰብስብ፣ ቦታህን ቀይር» የሚለውን ምክር ከተማሪዎቼ ሁሉ አብልጬ የተጠቀምሁበት እኔ ነኝ፤ ትንፋሼን ሰብስቤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐሙሲት ገባሁ። ለእህቴ «ዝም አይነቅዝም» አልኋት። አሥራ አንድ ቀን ሲሞላው ነቀዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ ይገባኛል፤ ሰው እንደሚያፍር እያፈርሁ ነው የምጽፈው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ደብተሯ የእኔ ናት። ምክሩን የጻፍሁ፣ ያስጠናሁ፣ «የኔታ» የተባልሁም እኔ ነኝ። በጨዋታው ውስጥ የሞተ ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ እንደገና ይገባል፤ የእትዬ ደብሬ ሩዝ ግን አንዴ ከረገፈ በቃው። ባየህ ዛሬውኑ ተለቅቆ ነገ በማለዳ ማጭዱን እንዲይዝ፣ በእሱ ቦታ እኔ እንድገባ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህን ለጥፌ እንደጨረስሁ እዚሁ ከበሬ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። አቶ በላቸው ከረጢታቸውን ይዘው ይምጡ፤ ገመድ የለኝም እንጂ እኔም አልከብድም።

ኮሚቴውን ከነማኅተሙ፣ ከነቆርቆሮ አዳራሹና በምርኮ ከያዛቸው አምስት ማውሶቹ ጋር እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶ እንዲያቆይልን እየለመንሁ፣ ከአንገቴ ዝቅ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ደስታው ተክለ ማርያም
(የኔታ)

ግልባጭ፦
ለእትዬ ደብሬ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ከማሳው ዳር ሄጄ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ፤ ሰምተው ሲያበቁ ወደ አጨዳቸው ተመልሰዋል።
ለባጃጅ ተራው ማኅበርተኞች፤ ከበሩ ላይ እንዲያነቡት።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከጎረቤት በኮምፒውተር ማስጻፍ እየቻልሁ በእጄ የጻፍሁት፣ ኮሚቴው ጽሕፈቱን ከደብተሯ ጋር አስተያይቶ የባየህ እጅ አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ ነው፤ ባየህ ሲጽፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እርስዎ ግን ማስተያየት አያስፈልግዎትም። ከአባቴ እግር ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ቁም ጽሕፈት ስንማር፣ የ«ሐ» መካከለኛ እግር እያጠረብኝ አባቴ ጆሮዬን ሲቆነጥጡኝ ይስቁብኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እግሯ ዛሬም አጭር ናት፤ በደብተሯም ውስጥ በየገጹ አለች። ገና ሲገልጧት የማን እጅ እንደሆነች አውቀዋል። እኔ ሞኙ አሥራ አንድ ቀን የተደበቅሁት ከማያውቅ ሰው መስሎኝ ነበር።