«ዝሆኖቹን ክፈቱልኝ»

አማኑኤል፣ የካቲት ፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘሪቱ አንሙት፣
አዲስ አበባ።

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን መሪጌታ ገዳሙ ነው። የምለውን እንዳለ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ፤ ማሳመር ይወዳል።

ወንድምሽ እንዳላማው አንቺ በአማርኛ ድምፅ የሰጠሽባቸውን ሦስት ፊልሞች በስልኩ ጭኖ መጣና «እህቴ የሠራችውን እይ» ብሎ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «በጉሮሮዋ የምታድር ልጅ የለችኝም» ብዬሽ ወጥተሽ ከሄድሽ አራት ዓመትሽ ነው፤ ያልሁትን አላጥፍም። ማየት ግን አየሁ።

የመጀመሪያው የሚያስፈራ ነው ተብሎ ነበር። እኔን ያስፈራኝ የሰዎቹ ጅልነት ነው። ምድር ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል፤ ሴትዮዋ ሻማ ይዛ ልታየው ትወርዳለች! በሩን ዘግታ ጸበል አትረጭም? ጎረቤት አትጠራም? ጎረቤትም የላቸው። ሰይጣን የተባለውም ቀለም የተቀባ ከሲታ ነው፤ የእኛ አገር ጅብ ይበልጠዋል። ሴትዮዋ ስትያዝ ግን የጮኽሽው አንቺ ነሽ። እናትሽ፣ አልነገርንሽም እንጂ፣ ዓይኗ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ የምታየው የለም፣ የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ከመደቡ ዘላ ተነሥታ «ልጄን! ልጄን ገደሏት!» እያለች በሩን በእጇ ትዳብስ ጀመር። «ውሸት ነው፣ ሥራዋ ነው» ብንላት «የልጄን ጩኸት እናንተ ልታስተምሩኝ?» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ መጣ፤ አፈርሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሌላ ስጪ።

ሁለተኛው ሰዎች ምድርን አጥፍተው ወደ ኮከብ የሚሄዱበት ነው። ቀይ አፈር ላይ ወርደው ያለ በሬ፣ ያለ ዝናብ ሊያርሱ! ዘሩንም የሚዘሩት ጓንት አጥልቀው ነው። አንድ ገበሬ እንኳ ሳያማክሩ ነው የሠሩት። አንቺ የሚሄዱባት መርከብ ድምፅ ነሽ አሉኝ። «በሩ ተዘግቷል፣ አየር አልቋል» ትያለሽ፤ ሰው እየሞተ እንኳ ድምፅሽ አይሰበርም። ጎጃሜነትሽን የት ጣልሽው? እናትሽ «ይህች የእኔ አይደለችም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልክ ናት። ስልክ የማልደውልልሽም ያችኛዋ እንዳትመልስልኝ ብዬ ነው።

ሦስተኛው ስለ ዝሆን ነው፤ ዘጋቢ ፊልም ይሉታል። ይህ እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ ያስታውቃል። ድርቅ ሆኖ መንጋው ውኃ ፍለጋ ይሄዳል፤ መንገዱን የምታውቀው አሮጊቷ ናት። እዚህ ላይ ድምፅሽ የራስሽ ነው፤ ልጅ ሳለሽ ከምንጭ ወሬ ይዘሽ ስትመለሽ የነበረው ድምፅ። እናትሽ ሲነጋ «ዝሆኖቹን ክፈቱልኝ» ትላለች፣ ምሳ ሳትቀምስ ደግሞ ትላለች። አንቺ ባረፍሽ ቁጥር «እሺ ልጄ፣ ከዚያስ?» ትልሻለች። እንዳላማው መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አሁን ትቷል።

ትናንት አንቺ «አሮጊቷ ደክሟታል» ስትዪ እናትሽ «አዎ፣ ደክሞኛል ልጄ» አለች። አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ስለ ውኃው ቀጠልሽ። ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁት። አንቺ ዝም አልሽ፤ እሷ ግን ጆሮዋን አዘንብላ መልስ ስትጠብቅ ቆየች።

እዚህ ላይ ገዳሙ ብዕሩን አስቀምጦ «አንሙት፣ ‹ነይ› በላትና ይለቅልን» አለኝ።

«አንተ ጻፍ እንጂ ማን ጠየቀህ» አልሁት።

«ሴትዮዋ እየደከመች ነው እኮ!»

«እሱን ጽፈሃል፤ ቀጥል።»

መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስለምወጣ መናኸሪያው አጥር ሥር እቀመጣለሁ፤ ጥላ ስላለው ነው። የምሸጠው የለኝም፣ የምገዛውም የለም። በቅሎዋን ኮርቻ ጭኜ እየሳብሁ እመጣለሁ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም አልቀመጥባትም።

የዲማው ጊዮርጊስ ከክፉ ይጠብቅሽ። ጉሮሮሽን አያድርቀው።

አባትሽ አንሙት፤
ጣቴን ቀለም ነክሬ ያተምሁት ይኸው።