ያላፈሰስኩት ውሃ

ውድ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። አርባህን እንደ ወጉ አወጣን። እናትህ ከዳባት መጥተው አብረውኝ ሰነበቱ፤ ደህና ናቸው። እኔ ግን ቁጭ ማለት ተስኖኛል። ይህን የምጽፍልህ መኪናችን ውስጥ፣ ያቺ እግርህ የሚተርፍባት ጠባብ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። አንድ መስመር እጽፍና እነሣለሁ፤ ከመታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብዬ የውሃውን ጎማ እዳብሳለሁ፤ ደረቅ ነው፤ እመለሳለሁ። ወዲያው ደግሞ ጠብ ያለ ይመስለኛል።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። መኪናው ቆሞ ስለከረመ፣ ውሃው የማይሠራ ከሆነ ጎንደር ተጎትቶ ለመለዋወጫ ይፈታ ይላል። የሚያዩት ሰዎች ዛሬ ጠዋት ይመጣሉ። ከወሰዱት እኔም ዳባት ቢሮ ገብቼ ካርድ ስጽፍ ልኖር ነው። ያለ መኪና እነዚያን መንደሮች ማን ይከትባቸዋል? ያንተስ እጅ ያረፈበት ሌላ ምን ቀረኝ?

ዋልያ ሲያጠና የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ይህን ቤት መሳይ መኪና ለጤና ጣቢያችን ትቶልን የሄደ ቀን ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ አልጋውንና ምድጃውን ሲያደንቅ አንተ ሾፌሩ ግን ወለሉ ላይ ተንጋለህ የውሃውን መንገድ ትፈልግ ነበር። ታንኩ ከአልጋው ሥር፣ በእግር የሚረገጠው ፓምፕ ከመታጠቢያው ሥር፣ ከዚያ ቀጭኗ የመዳብ ቧንቧ። እኔ እጄን ሳልታጠብ ሕፃን እንደማልነካ ስለምታውቅ፣ ከሞተሩ ይልቅ ለእሷ ትጨነቅ ነበር።

አንድ ሰሞን ታንኩ ሸተተና እኔ ብልህ ነኝ ብዬ እንደ እናቴ ማድጋ በወይራ አጠንኩት! ፍሙን በገል አድርጌ አፉ ላይ ደቀንኩት። ፕላስቲክ መሆኑን ማን አስታወሰኝ? አፉ ቀልጦ ተጨማደደ፤ ክዳኑም እንቢ አለ። ትቆጣለህ ብዬ ስጠብቅ ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ አፉን በጨርቅ እየወተፍክ ኖርክ። የአምባራስ መንደር ሰዎች ግን ለእጅ መታጠቢያ የያዝነውን ውሃ ቀምሰው፣ የወይራ ጣዕም አለው ብለው እየለመኑ ጠጡብን።

ውርጭ በገባ ጊዜ ደግሞ ሁልጊዜ ማታ ከታንኩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈትተህ ውሃውን ታፈስ ነበር። ካደረ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል ትላለህ። ልጁን ሳያስሸና የማያስተኛ አባት ትመስላለህ እያልኩ አሾፍብህ ነበር። አንድ ማታ እንኳ አልዘለልክም።

አሁን ዝም ያልኩትን ልናገር። ታመህ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ይዤህ ስሮጥ፣ ለማግስቱ ጉዞ የሞላሁት ታንክ እንደ ሞላ ነበር። ትዝም አላለኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይንህን ገልጠህ፣ «ውሃውን አፍስሰሻል?» አልከኝ። «አፍስሻለሁ» አልኩህ። «ደግ አደረግሽ» ብለህ ዓይንህን ከደንክ። ከዚያ በኋላ አልተናገርክም።

አላፈሰስኩም ነበር፣ አያሌው። ከቀብር መልስ በሩን ስከፍት ቧንቧው መታጠፊያው ላይ ፈንድቷል፣ የፓምፑ ሆድ ተሰንጥቋል፣ ምንጣፉ ረጥቧል። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ሁለት ወር በዚያ በኩል አላለፍኩም፤ ወደ ሥራ ስሄድ ዙሪያውን እሄድ ነበር።

ደብዳቤው ሲመጣ ነው የከፈትኩት። ፓምፑን ፈትቼ በነጠላ ጠቅልዬ ዳባት ወሰድኩና አስበየድኩት። የፈነዳውን ቧንቧ ቆርጬ በጎማ ቀጠልኩት፤ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክም ቆርጬ መጋጠሚያውን አጠበቅኩት። ታንኩን ሦስት ጊዜ በበረኪና አጠብኩት። ወይራ አልነካሁም፤ አትሳቅ። እጄ ተላልጦ አለቀ። ቆይ፣ መኪና ሰማሁ። መጡ መሰለኝ።

ሄዱ። የመጡት ሁለት ነበሩ። ሽማግሌው ገብቶ ፓምፑን ረገጠ። ምንም አልመጣም። ደግሞ ረገጠ፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳለና አየር ተፋ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ቆሸሽ ያለ፣ ኋላ ጥርት ያለ። ሰውየው እጁን ታጠበ፣ ፊቱንም አረጠበ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ደረቅ ነበር። ያገለግላል ብሎ ጽፎ ፈረመ። አዲስ ሾፌር ይመድቡልኛል፤ ማንም ይሁን ማን፣ ውሃውን አላስነካውም።

ያኔ የዋሸሁህ እንድታርፍ ብዬ ነው። አንተ አረፍክ፤ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላረፍኩም። ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ በየማታው ቡሎኗን በእጄ እፈታለሁ፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እስክሞት አልረሳህም ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ስጨርስም ድምፄን አውጥቼ እነግርሃለሁ፤ አፍስሻለሁ፣ አያሌው። አሁን እውነቴን ነው።

ባለቤትህ፣
የሺ